የሰው ፕሮቲን በባክቴሪያ ማሠራት፦ የአንድ ሙያ ታሪክ

ሪኮምቢናንት የሰው ፕሮቲን የሚባለው የሰው ዘረ መል ወደ ሌላ ሕያው ሕዋስ ገብቶ፣ ያ ሕዋስ የዘረ መሉን ትእዛዝ እያነበበ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ተቀባዩ ባክቴሪያ ወይም እርሾ፣ የነፍሳት ወይም የአጥቢ እንስሳት ሕዋስ ሊሆን ይችላል። ፕሮቲኑ ከሰው አካል አልወጣም፤ የአሚኖ አሲዶቹ አሰላለፍ ግን በሰው አካል ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። ዛሬ ካንሰርን፣ የስኳር በሽታን ወይም የሳንባ ነቀርሳን የሚያጠና ቤተ ሙከራ እነዚህን ፕሮቲኖች በማይክሮግራም ተመዝነው፣ በቅዝቃዜ ደርቀው፣ በትንንሽ ብልቃጥ ታሽገው ይገዛቸዋል። ከ1977 በፊት ግን እንዲህ ያለ ዕቃ በዓለም ላይ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከዚያ በፊት አንድን ፕሮቲን ማጥናት የፈለገ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከቄራ ነበር። ለዚህ ኢንሱሊን ጥሩ ምስክር ነው። በ1921 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርድ ፈሳሽ አወጡ። በጥር 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የመጀመሪያው ታካሚ ሆነ። የመጀመሪያው መርፌ ቆሻሻ ስለበዛበት እምብዛም አልረዳውም፤ ባዮኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ በተሻለ መንገድ ካጠራው በኋላ የተሰጠው ግን ልጁን ከሞት አፋፍ መለሰው። የሙያው ዋና ችግር ያኔውኑ ታይቷል፦ ፕሮቲኑን ከማግኘት ይልቅ አብሮት ካለው ሁሉ ለይቶ ማጥራቱ ይከብዳል። ኤላይ ሊሊ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ኢንሱሊንን ለገበያ ሲያቀርብ የቄራ ተረፈ ምርት ዋና ጥሬ ዕቃው ሆነ፤ ሩብ ኪሎ ለማይሞላ ንጹሕ ኢንሱሊን ከሁለት ቶን በላይ የእንስሳት ቆሽት ይፈጅ ነበር።

ኢንሱሊን እንዲያውም ከዕድለኞቹ አንዱ ነበር፤ በቆሽት ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ የላምና የአሳማ ኢንሱሊንም ለሰው ይሠራል። ሌሎቹ ፕሮቲኖች እንዲህ አልተመቹም። የዕድገት ሆርሞንን መመንጨት የሚገታው ሶማቶስታቲን የተባለ ትንሽ ሆርሞን 14 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ነው። በካሊፎርኒያ የሶልክ ተቋም የሮጀር ጊየማን ቡድን በ1973 ይህን ሆርሞን ለይቶ ሲያወጣ፣ 5 ሚሊግራም ለማግኘት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የበግ አንጎል እንዳስፈለገ ይነገራል። ኤሪትሮፖይቲን የተባለውና የቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን ደግሞ የሚገኘው ከሰው ሽንት ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን ጎልድዋሰር ይህን ሆርሞን ለዓመታት ሲፈልግ ቆይቶ፣ ታካጂ ሚያኬ የተባለው ጃፓናዊ ባልደረባው ከባድ የደም ማነስ ካለባቸው ሕሙማን የተሰበሰበ 2,550 ሊትር ሽንት አጠናቅሮ አመጣለት። በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ ከዚህ ሁሉ የጠራው ሆርሞን ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነበር። ቫይረስን የሚከላከለው ኢንተርፌሮን በ1957 በለንደን ከታወቀ በኋላም የሄልሲንኪው ካሪ ካንቴል ከቀይ መስቀል የደም ልገሳ ነጭ የደም ሕዋሶችን እየለየ ያመርተው ነበር፤ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠር ሊትር ደም የሚገኘው አንድ ግራም እንኳ አይሞላም።

የዕድገት ሆርሞን ታሪክ ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው። የላምና የአሳማ የዕድገት ሆርሞን ለሰው አይሠራም። ስለዚህ በ1958 ሞሪስ ራበን ከሰው አስከሬን የተወሰደ ሆርሞን አንድን ታዳጊ እንዳሳደገ ሲያስታውቅ፣ የአስከሬን ፒቱታሪ ዕጢ ውድ ዕቃ ሆነ። በአሜሪካ ዕጢውን ከሆስፒታሎች የሚሰበስብ ብሔራዊ ድርጅት ተቋቋመ፤ ከ1963 እስከ 1985 ባለው ጊዜ 7,700 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ይህን ሆርሞን ተወጉ። በ1985 ከእነዚህ መካከል ጥቂት ወጣቶች ክሮይትስፌልት ያኮብ በሚባለው፣ አንጎልን በሚበላውና መድኃኒት በሌለው በሽታ እንደሞቱ ታወቀ። በሽታው ከአስከሬኖቹ ዕጢ ጋር መጥቶ ነበር። ስርጭቱ በዚያው ዓመት ቆመ። ሄሞፊሊያ ያለባቸው ሰዎችም ከብዙ ለጋሾች ደም በተጠራቀመ የደም ማርጊያ ፕሮቲን ምክንያት በኤችአይቪ ተይዘው በሺዎች አልቀዋል። ከሰው አካል ፕሮቲን የሚወስድ ሁሉ አካሉ የነበረበትንም በሽታ አብሮ ይወስዳል።

ተመራማሪው ደግሞ የራሱ ጥርጣሬ ነበረበት። አንድ የጠራ የሚመስል ፈሳሽ በሕዋስ ላይ ለውጥ ሲያመጣ፣ ለውጡን ያመጣው ስሙ የተጻፈበት ፕሮቲን ነው ወይስ አብሮት የቀረ ሌላ ነገር? የአንዱ ቤተ ሙከራ ቅምም ከሌላው ጋር ስለማይመሳሰል ክርክሩ ለዓመታት ይጎተት ነበር። ይህ ጥርጣሬ ከመጠን እጥረቱ የባሰ ነበር፤ የሙያው የኋላ ታሪክም በአብዛኛው ከዚሁ ጋር የተደረገ ትግል ነው።

መፍትሔው የመጣው ፕሮቲን ከሚያጠሩት ሰዎች ሳይሆን ባክቴሪያን ከሚያጠኑት ነው። ባክቴሪያዎች የወራሪ ቫይረስን ዲኤንኤ በተወሰነ ቦታ ላይ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሏቸው። በ1970 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሃሚልተን ስሚዝ ከእነዚህ አንዱን አጥርቶ የሚቆርጥበትን ቦታ ለየ። በ1972 በስታንፎርድ ፖል በርግ የሁለት የተለያዩ ቫይረሶችን ዲኤንኤ በአንድ ላይ ቀጠለ። በዚያው ዓመት ኅዳር በሃዋይ በተደረገ የሳይንስ ስብሰባ የስታንፎርዱ ስታንሊ ኮሄንና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ኸርበርት ቦየር ተገናኙ። ኮሄን ፕላዝሚድ የሚባሉትን፣ በባክቴሪያ ውስጥ ራሳቸውን የሚያባዙ ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች ያጠና ነበር፤ ቦየር ደግሞ ዲኤንኤን ቆርጦ ተጣባቂ ጫፍ የሚተው ኢንዛይም በእጁ ነበረው። አንዱ የያዘው ለሌላው የጎደለው ነበር። በ1973 ያሳተሙት ጽሑፍ በፕላዝሚድ ላይ የተቀጠለ ባዕድ ዲኤንኤ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ እንደሚባዛ አሳየ፤ በቀጣዩ ዓመት የእንቁራሪት ዘረ መል በዚሁ ባክቴሪያ ውስጥ ገባ።

ፍርሃቱም ወዲያው ተከተለ። በየካቲት 1975 በካሊፎርኒያ አሲሎማር በተባለ ቦታ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች የዚህ ዓይነት ሙከራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ተከራከሩ፤ በ1976 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጥብቅ መመሪያ አወጡ። በዚያው ዓመት ሃርቫርድ የሚገኝባት የኬምብሪጅ ከተማ ምክር ቤት ሥራውን ለጊዜው አገደ። በመመሪያው የሰውን ዘረ መል በቀጥታ ከሰው ሕዋስ ወስዶ ወደ ባክቴሪያ ማስገባት እጅግ ከባድ ጥበቃ የሚጠይቅ ሆነ፤ በኬሚካል ተገጣጥሞ የተሠራ ዲኤንኤ ግን እንዲህ አልተገደበም። ይህ ልዩነት የመጀመሪያውን የሰው ፕሮቲን ማን እንደሚሠራ እስከ መወሰን ደረሰ።

ሚያዝያ 1976 ሮበርት ስዋንሰን የተባለ የ28 ዓመት የኩባንያ ገንዘብ አፈላላጊና ኸርበርት ቦየር ጄነንቴክ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። ዓላማቸው ኢንሱሊን ነበር፤ ሆኖም ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ሙከራ ከባድ ስለሆነ ከሶማቶስታቲን ለመጀመር ወሰኑ። በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በሚገኘው ሲቲ ኦቭ ሆፕ ሆስፒታል የሚሠሩት ኬይቺ ኢታኩራና አርተር ሪግስ ለ14ቱ አሚኖ አሲዶች የሚሆነውን ዘረ መል ፊደል በፊደል በኬሚካል ገጣጠሙት። ዘረ መሉ ወደ ባክቴሪያ ገባ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሙከራ ምንም ሶማቶስታቲን አልተገኘም። ባክቴሪያው ትንሹን ባዕድ ፕሮቲን ገና እንደተሠራ ቆራርጦ ይበላው ነበር።

ያገኙት መላ ለሙያው ሁሉ መሠረት ሆኗል። የሶማቶስታቲንን ዘረ መል ቤታ ጋላክቶሲዴዝ ከተባለው ትልቅ የባክቴሪያው የራሱ ፕሮቲን ዘረ መል ጫፍ ላይ ቀጠሉት። ባክቴሪያው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲሠራ ትንሹ በትልቁ ጥላ ሥር ተሸሸገ። በመገጣጠሚያው ላይ ሜቲዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ አስቀምጠው ስለነበር፣ ሳያኖጅን ብሮማይድ የተባለው ኬሚካል እዚያው ቦታ ላይ ቆርጦ ሆርሞኑን ለቀቀው። ሶማቶስታቲን ራሱ ሜቲዮኒን ስለሌለበት አልተነካም። በታኅሣሥ 1977 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ይህ ሥራ፣ ዘረ መሉ በሰው እጅ ተሠርቶ በባክቴሪያ የተመረተ የመጀመሪያው የሰው ፕሮቲን ነው። ግማሽ ሚሊዮን በግ የጠየቀው መጠን ጥቂት ሊትር የባክቴሪያ ፈሳሽ ብቻ በቃው።

ኢንሱሊን ተከተለ። ሦስት ቡድኖች ይሽቀዳደሙ ነበር፦ ጄነንቴክ፣ የሃርቫርዱ የዋልተር ጊልበርት ቡድን እና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዊልያም ረተር ቡድን። ጊልበርት የሰውን ዘረ መል ከሰው ሕዋስ ቀድቶ ለመጠቀም ስለፈለገ መመሪያው የሚጠይቀው ከፍተኛ ጥበቃ ያለው ቤተ ሙከራ ያስፈልገው ነበር፤ በአሜሪካ ስላላገኘ በ1978 ቡድኑን ይዞ እንግሊዝ ውስጥ ፖርተን ዳውን ወደሚባለው የጦር ምርምር ጣቢያ ሄደ። ከብዙ ድካም በኋላ ያባዙት ዘረ መል የሰው ሳይሆን ቀድሞ ሲያጠኑት ከነበረው ከአይጥ ኢንሱሊን የተቀላቀለ ሆኖ ተገኘ። ጄነንቴክ ግን ዘረ መሉን በኬሚካል ስለሠራ ይህ ሁሉ አልገጠመውም። 21 አሚኖ አሲዶች ያሉትን የኢንሱሊን አንድ ሰንሰለትና 30 ያሉትን ሁለተኛውን በተለያዩ ባክቴሪያዎች አሠርቶ፣ ካጠራቸው በኋላ በኬሚካል አጣመራቸው። ዴቪድ ጎደልና ዴኒስ ክላይድ የመሩት ይህ ሥራ በነሐሴ 1978 ተሳካ። ኤላይ ሊሊ በብዛት ያመረተው ሂዩሙሊን በጥቅምት 1982 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ሪኮምቢናንት መድኃኒት ሆነ።

የቀሩት ተከታትለው መጡ። የሰው የዕድገት ሆርሞን በ1979 በባክቴሪያ ተሠራ፤ ከአስከሬን የሚወሰደው በታገደበት በዚያው 1985 ዓመት መገባደጃ ላይም ለሕመምተኞች ተፈቀደ። የኢንተርፌሮን ዘረ መል በ1979 መጨረሻ በዙሪክ የቻርልስ ዋይስማን ቤተ ሙከራ ተገኘ። አምጀን የተባለው ኩባንያ ባልደረባ ፉ ኩዌን ሊን፣ ጎልድዋሰር ከሽንት ባጠራት ጥቂት ሆርሞን ላይ ተመሥርቶ፣ በ1983 የኤሪትሮፖይቲንን ዘረ መል ለየ።

በዚህ መካከል የኮሄንና የቦየር ዘዴ ባለቤትነት ጉዳይ ነበር። ስታንፎርድ በኅዳር 1974 ያመለከተበት ፓተንት በታኅሣሥ 1980 ጸደቀ፤ እስከ 1997 ሲሠራበት ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች 255 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገኘ። ኩባንያዎች ይከፍሉ ነበር፤ ለትርፍ የማይሠሩ የምርምር ተቋማት ግን ክፍያ አልተጠየቁም። ይህ ውሳኔ ከገንዘቡ በላይ ዋጋ ነበረው። ዘዴው በየዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ በነፃ ባይሰራጭ ኖሮ፣ የሰው ፕሮቲን ማምረት በጥቂት ኩባንያዎች ግንብ ውስጥ በቀረ ነበር።

ባክቴሪያ ግን ሁሉንም የሰው ፕሮቲን መሥራት አይችልም። ኢ. ኮላይ በፍጥነት ሲያመርት ብዙ ጊዜ ፕሮቲኑ በትክክል ሳይታጠፍ ተቆላልፎ የማይሟሟ ጓል ይሆናል። ይህን በጠንካራ ኬሚካል ፈትቶ ቀስ በቀስ እንደገና ማጠፍ ይቻላል፤ ክርስቲያን አንፊንሰን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፕሮቲን ቅርጽ በአሚኖ አሲዶቹ አሰላለፍ ውስጥ የተጻፈ መሆኑን ስላሳየ ተስፋው ነበረ። በተግባር ግን ለእያንዳንዱ ፕሮቲን የተለየ ዘዴ ይጠይቃል፣ ብዙውም ይጠፋል። በተጨማሪ ብዙ የሰው ፕሮቲኖች በላያቸው ላይ የስኳር ሰንሰለት ይሸከማሉ፤ በተለመደው ዘዴ የሚሠራበት ኢ. ኮላይ ይህን አይጨምርም። ኤሪትሮፖይቲን ያለ ስኳሩ በደም ውስጥ ብዙም አይቆይም።

ስለዚህ ሌሎች ሕዋሶች ተፈለጉ። ከሁሉም የታወቀችው በ1957 ዴንቨር ውስጥ ቴዎዶር ፐክ ከቻይና ሐምስተር ኦቫሪ ያወጣት የሕዋስ ዘር ናት፤ በ1980 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ አንድ ለውጥ ብዙ ፕሮቲን እንድታመርት አስቻላት። በ1987 የተፈቀደው የደም ጓል የሚያሟሟ መድኃኒት በእርሷ ተመረተ፤ ዛሬም አብዛኛው ውስብስብ የፕሮቲን መድኃኒት የሚመረተው በእርሷ ነው። በምርምር ቤቶች ደግሞ በ1973 ኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ፍራንክ ግራሃም ከሰው ፅንስ ኩላሊት ያዘጋጀው የሕዋስ ዘር ይበዛል፤ 293 የሚለው ስሙ የሙከራው ተራ ቁጥር ነው። የሰው ሕዋስ በመሆኑ የሰውን ፕሮቲን ከነስኳሩ ይሠራል።

ሦስተኛው መንገድ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ ያልሆነ ነፍሳት ነው። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ማክስ ሰመርስና ጌል ስሚዝ በ1983 አባጨጓሬን በሚያጠቃ ቫይረስ ውስጥ የሰው ኢንተርፌሮን ዘረ መል አስገብተው በነፍሳት ሕዋስ ፕሮቲኑን አሠሩ። ሕዋሶቹ የተወሰዱት በ2017 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የበቆሎ ማሳ ካወደመው ከአሜሪካ መጤ ተምች ኦቫሪ ነው። በማሳ ላይ መቅሠፍት የሆነው ነፍሳት በቤተ ሙከራ ውስጥ ውስብስብ መዋቅር ያላቸውን የሰው ፕሮቲኖችን በታማኝነት ይሠራል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የትልልቅ ኩባንያዎችና የመድኃኒት ነው። የሰው ፕሮቲን የማንኛውም ተመራማሪ መሣሪያ የሆነው ግን በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በተሠሩ፣ ጋዜጣ ብዙም ባላወራላቸው ሦስት ዘዴዎች ነው። የመጀመሪያው በኒው ዮርክ ብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የዊልያም ስተዲየር ነው። ስተዲየር ቲ7 የሚባለውን የባክቴሪያ ቫይረስ ለብዙ ዓመታት ሲያጠና፣ የቫይረሱ ኢንዛይም የራሱን ዘረ መል ብቻ እየመረጠ በከፍተኛ ፍጥነት እንደሚያነብ ተገነዘበ። በ1986 ከባርባራ ሞፋት ጋር ኢንዛይሙን በባክቴሪያው ውስጥ ተኝቶ እንዲቆይና ተመራማሪው ኬሚካል ሲጨምር ብቻ እንዲነቃ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው የራሱን ሥራ ትቶ በአብዛኛው የተሰጠውን ፕሮቲን ማምረት ይጀምራል። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ፕሮቲን ሲያመርቱ መጀመሪያ የሚሞክሩት ይህን ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው የማጥራትን ችግር ፈቱ። በባዝል ከተማ የሮሽ ኩባንያ ባልደረባ ኤሪክ ሆኹሊና ቡድኑ በ1987 እና በ1988 ባሳተሟቸው ጽሑፎች፣ በፕሮቲኑ ጫፍ ላይ ስድስት ሂስቲዲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ቢቀጠሉ ኒኬል ባለበት ማጣሪያ ላይ እንደሚይዙ አሳዩ። ቅጥሉ ለፕሮቲኑ እንደ ጀበና እጀታ ሆነ። የባክቴሪያው ጭማቂ በማጣሪያው ሲያልፍ ሌላው ሁሉ ይፈስሳል፣ የተፈለገው ይቀራል፤ በኋላ በሌላ ፈሳሽ ታጥቦ ይወጣል። በዚያው 1988 በሜልበርን ዶናልድ ስሚዝና ኬቪን ጆንሰን ከቢልሃርዚያ ትሎች አንዱ የሚሠራውን ኢንዛይም ለተመሳሳይ ዓላማ አዋሉት። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን ልዩ ዘዴ ለመፈልሰፍ ወራት፣ አንዳንዴም እንደ ጎልድዋሰር አሥርተ ዓመታት ይፈጅ የነበረው ሥራ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሆነ። ፕሮቲኑ ምን እንደሚያደርግ ገና ሳይታወቅ እንኳ ማጥራት ተቻለ። ከሦስቱ ዘዴዎች ይህ የማጥራት መንገድ ትልቁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ገበያውም በዚያው ዘመን ተወለደ። ሕዋሶች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ሳይቶካይንና የዕድገት አነሣሽ የተባሉ ፕሮቲኖች ዘረ መላቸው አንድ በአንድ ሲገኝ፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓትን የሚያጠና ሁሉ ይፈልጋቸው ጀመር። በ1976 ሚኒያፖሊስ ውስጥ የተቋቋመው አር ኤንድ ዲ ሲስተምስ እና በ1988 ኒው ጀርሲ ውስጥ የተመሠረተው ፔፕሮቴክ የመሳሰሉ ኩባንያዎች እነዚህን ፕሮቲኖች በካታሎግ ዘርዝረው መሸጥ ሥራቸው አደረጉ። ፔፕሮቴክን ቴርሞ ፊሸር በ2021 ሊገዛው ሲስማማ ዋጋው 1.85 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለአሥር ማይክሮግራም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፈልበት ዕቃ መሆኑን ያየ በዚህ አይደነቅም።

ግዢው ግን የድሮውን ጥርጣሬ በአዲስ መልክ መለሰው። ባክቴሪያ ሲፈርስ ከግድግዳው ኢንዶቶክሲን የተባለ ነገር ይለቀቃል፤ የሰው ነጭ የደም ሕዋስ ይህን እጅግ በትንሽ መጠን ሲያገኝ ይቆጣል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በኢ. ኮላይ የተመረቱ ሂት ሾክ የተባሉ የሰው ፕሮቲኖች የበሽታ መከላከያ ሕዋሶችን እንደሚቀሰቅሱ ብዙ ጽሑፎች ወጡ፣ ንድፈ ሐሳብም ተገነባባቸው። በ2003 ገደማ ኢንዶቶክሲኑ በሚገባ ሲወገድ ቅስቀሳው እንደሚጠፋ ታየ፤ በብዙዎቹ ሙከራዎች ያስቆጣው ፕሮቲኑ ሳይሆን የባክቴሪያው ርዝራዥ ነበር። የብዙ ሰዎች የዓመታት ድካም በአንድ ብልቃጥ ርኩሰት ምክንያት ከንቱ ሆነ። ኢንዶቶክሲንን የሚለካው ፍተሻ የተገኘው የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቅርፊት ካለው የባሕር እንስሳ ሰማያዊ ደም ነው፤ ደሙ ባክቴሪያ ሲያገኘው እንደሚረጋ በ1956 ፍሬድሪክ ባንግ አስተዋለ። በኋላ በሲንጋፖር ዲንግ ጄክ ሊንግ ከእንስሳው ለፍተሻው ዋና የሆነውን ፕሮቲን ዘረ መል ለይታ በሕዋስ አሠራችው፤ ርኩሰቱን የሚለካው መሣሪያ ራሱ ሪኮምቢናንት ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ስም አልፎ ብዙ ይጠይቃል። በየትኛው ሕዋስ ተሠራ? ጫፉ ላይ የተቀጠለ ነገር አለ? የኢንዶቶክሲን መጠኑ ስንት ነው? ፕሮቲኑን ለማቆየት የከብት አልቡሚን ተጨምሮበታል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ክብደቱ ምን ያህል ነው ከሚለው ይልቅ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ይጠየቃል። ሁለት ብልቃጦች እኩል ማይክሮግራም ይዘው በአንዱ ውስጥ ያለው ግማሹ በስህተት የታጠፈ ሊሆን ይችላል። ኃይሉን በሕዋስ ላይ ለክቶ ከዓለም ጤና ድርጅት የጋራ መለኪያ ጋር የሚያነጻጽር አምራች ከማያነጻጽረው የበለጠ ሊታመን ይገባዋል።

በ21ኛው ምዕተ ዓመት የተከፈቱት የምርምር መስኮች ያለ እነዚህ ብልቃጦች አይታሰቡም። ጄምስ ቶምሰን በ1998 በዊስኮንሲን ለመጀመሪያ ጊዜ ያረባቸው የሰው ፅንስ ግንደ ሕዋሶች ባሉበት እንዲቆዩ፣ በኋላ በተሻሻለው አያያዝ ኤፍጂኤፍ ሁለት የተባለ ፕሮቲን ዋና ምግባቸው ሆነ። ይህ ፕሮቲን በሰውነት ሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ የሕዋሶቹ ፈሳሽ በየቀኑ ሲቀየር ኖሯል። በ2009 በኔዘርላንድስ የሃንስ ክሌቨርስ ቡድን ከአንዲት የአይጥ አንጀት ሕዋስ ትንሽ የአንጀት አምሳያ ያሳደገው በሦስት የዕድገት ፕሮቲኖች ቅልቅል ነው። በ2003 በካናዳና በእንግሊዝ የተጀመረው የስትራክቸራል ጂኖሚክስ ጥምረት ደግሞ የሰውን ፕሮቲኖች በጅምላ እያመረተ ቅርጻቸውን ያለ ፓተንት ለሁሉም ይፋ ያደርጋል።

አዲስ አበባም ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደለችም። በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የሥጋ ደዌንና የሳንባ ነቀርሳን በሽታ መከላከያ ሲያጠና፣ ሕዋሶች የሚለቁትን ኢንተርፌሮን ጋማ መለካት ከተለመዱ ሥራዎቹ አንዱ ነው። በእንዲህ ያለው ልኬት የታካሚው ናሙና የሚነጻጸረው መጠኑ ከታወቀ ሪኮምቢናንት የሰው ኢንተርፌሮን ጋማ ጋር ነው። ያ ብልቃጥ በቅዝቃዜ ተጠብቆ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በአውሮፕላን ይመጣል። በመንገድ ላይ ከሞቀ ወይም በጉምሩክ ከዘገየ መለኪያው ራሱ ይዋሻል።

የመሠረታዊዎቹ ዘዴዎች ባለቤትነት ግን ዛሬ የማንም አይደለም። የኮሄንና የቦየር፣ የቲ7 እና የስድስቱ ሂስቲዲን ፓተንቶች ጊዜያቸው አልፏል። ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሠራው አድጂን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመራማሪዎች ያስቀመጧቸውን ፕላዝሚዶች በአነስተኛ ክፍያ ለምርምር ተቋማት ይልካል። በኢ. ኮላይ የሚሠሩትን ቀላል የሰው ፕሮቲኖች ለማምረት የሚነቀንቅ ማሞቂያ፣ ሴንትሪፊዩጅ፣ የኒኬል ማጣሪያና ጥሩ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋሉ፤ በብዙ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከእነዚህ አብዛኞቹ አሉ ወይም በመጠነኛ ወጪ ሊሟሉ ይችላሉ። ሥራውን የሚያከብደው የሠለጠነ እጅና እያንዳንዱን ብልቃጥ በጥንቃቄ የሚፈትሽ ሥርዓት ማቆም ነው፤ የምርምር በጀት የሚመድቡ ሰዎች ገንዘብ ሊያወጡበት የሚገባው በቅድሚያ በዚህ ላይ ነው።